ኔትወርክ የሌለበት ወንዝ

አባቴ ልደት የለውም። ማለቴ ወረቀቱ ላይ አለው፤ ጃንዋሪ አንድ። ግን እኛ ባደግንበት፣ ዴንቨር አጠገብ ባለው የቻምበርስ ሮድ አፓርትመንት ጃንዋሪ አንድ ያልተወለደ አባት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር። የጋሽ ይመርም ጃንዋሪ አንድ፣ የጋሽ ተክለሚካኤልም ጃንዋሪ አንድ። ስደተኛ ካምፕ ውስጥ የሚመዘግባቸው ሰውዬ "መቼ ተወለድክ?" ሲላቸው ዓመቱን እንጂ ቀኑን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ለሁሉም አንድ ቀን አደላቸው። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን የት አውቄ! ሦስቱ ጓደኛ የሆኑት አንድ ቀን ስለተወለዱ ይመስለኝ ነበር።

ሰባት ዓመቴ ነው። ሴንቴኒያል የምትኖር ማዲሰን የምትባል የክፍሌ ልጅ ለአባቷ ሰርፕራይዝ ልደት ሲያደርጉ ጠራችኝ። መብራት አጥፍተን፣ ከሶፋ ኋላ ተጎንብሰን፣ ሰውዬው በሩን ሲከፍት "ሰርፕራይዝ!" ብለን ጮኽን። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ለአንድ ሰው ብሎ ተደብቆ፣ ዋሽቶ፣ ተስማምቶ! ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ አባቴን ያዝኩት።

"ዳዲ፣ ያንተ የእውነት ልደት መቼ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ፣" አለኝ እየሳቀ። "እሱን የምታውቀው እትዬ ፈትለወርቅ ብቻ ናት።"

እትዬ ፈትለወርቅ አዲስ አበባ ያለች ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው አባቴን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች፣ አዝላ፣ አጥባ፣ አስተምራ ያሳደገችው እሷ ናት፤ "እሱን ሳላደርስ" እያለች ባል ሳታገባ ቀረች። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አባቴ መኪናዋን ሳያስነሳ በፊት ይደውልላታል። ስፒከር ላይ አድርጎ፣ እኔም ከኋላ "ሃይ አክስቴ" ብዬ፣ ጨዋታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

"እትዬ፣ እባክሽ መቼ ነው የተወለድኩት?"

"መጥተህ ዓይንህን ሳየው እነግርሃለሁ። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ ይነገራል እንዴ?"

እሷ እሱን ማስመጫ፣ እሱ ደግሞ እሷን ማሳቂያ አድርገውት ነበር። በሚቀጥለው ክረምት እሄዳለሁ ይላል፤ ክረምቱ ይመጣል፣ ሥራው፣ ቤት ኪራዩ፣ የእኔ ጥርስ፣ የመኪናዋ ሞተር፤ ደግሞ ለሚቀጥለው ይላል።

እንግዲህ አንድ ዓርብ፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች። ስልክ ላይ ናት። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ፈትለወርቅ የሚለው ስም ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። "የለም፣ የለም፣ ዛሬ መስማት የለበትም! አለምሰገድ ይምጣ! ሰው ይሰብሰብ!" ትላለች። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ ዓይኗ በርበሬ መስሏል።

"ማሚ ምን ሆንሽ?"

"ሽንኩርት እየከተፍኩ።"

መታጠቢያ ቤት ውስጥ! ሰባት ዓመቴ ቢሆንም ሽንኩርት የት እንደሚከተፍ አውቃለሁ። ፀዳል የምትባለው እናቴ ውሸት አትችልም፤ እስከ ዛሬም አትችልም። ተንበርክካ ሁለት ትከሻዬን ያዘችኝ።

"ሔቨንዬ፣ ስሚኝ። ከአዲስ አበባ እንደተደወለ ለዳዲ እንዳትነግሪው። ነገ ሁሉም ሰው ይመጣል። እስከዚያ ግን ሲክሬት ነው፤ እሺ?"

ወዲያው ነው የገባኝ። አክስቴ በመጨረሻ ቀኑን ተናግራለች! ነገ የአባቴ የእውነት ልደት ነው! ሰው ሊሰበሰብ ነው፣ አጎቴ አለምሰገድ ከሲያትል ሊመጣ ነው፣ አባቴም ምንም አያውቅም። ማሚ ያለቀሰችው ከደስታ ብዛት ነው ብዬ አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። እሷም ዝም ብላ ጨመቀችኝ።

አክስቴ ፈትለወርቅ ያን ቀን አርፋ ነበር። ልቧ ነው አሉ፤ ከጓሮ ጎመን ቀንጥሳ ስትመለስ ደጃፏ ላይ። ወጉን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሰው ብቻውን እያለ መርዶ አይሰማም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቄስ ይጠራል፣ ማለዳ ላይ በሩ ይንኳኳል። ችግሩ፣ አባቴ አሜሪካ ውስጥ ያለው የሥጋ ዘመድ ወንድሙ አለምሰገድ ብቻ ነው፤ እሱ ያገኘው አውሮፕላን ደግሞ ዴንቨር የሚያርፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ አባቴን ከስልክ፣ ከፌስቡክና ከአዛኝ ሁሉ መደበቅ ያስፈልጋል። ቨርጂኒያ ያለች አንዲት የአጎት ልጅ ዓርብ ማታውኑ የአክስቴን ፎቶ ከነሻማው ለጥፋው አድራለች! ይህን አደራ ለጋሽ ይመርና ለጋሽ ተክለሚካኤል ሰጧቸው። እነሱ ደግሞ አባቴን ቀኑን ሙሉ የሚያቆይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቁት፤ አሳ ማጥመድ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ማሚ ሊፕስቲክ ተቀብታ፣ ሙዚቃ ከፍታ ፓንኬክ ትሠራለች። በጠዋት ሊፕስቲክ! ዓይኗ ግን አብጧል። አባቴ "ምነው ፀዳልዬ?" ሲላት "አለርጂ ነው፣ የዴንቨር ነገር" አለችው። እኔ ጠረጴዛው ሥር እግሬን እያወዛወዝኩ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። እንዴት ታስመስላለች በማርያም!

ጋሽ ይመር ጋሽ ተክለሚካኤልን አሳፍሮ ቫኑን ይዞ መጣ። ጋሽ ይመር ማለት ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ፣ አባቴ ላይ ሳያላግጥ ከዋለ ምግብ የማይፈጭለት ሰው ነው። አሳ ላይ ሲሆን ደግሞ ጓደኝነት አያውቅም። አባቴ የያዘው አሳ ሁልጊዜ ጣት ያክላል፣ እሱ የያዘው ሁልጊዜ ክንድ ያክላል። አንዴ ሁልጊዜ በሚያጠምዱበት ቼሪ ክሪክ ላይ "በእኔ ክር ነው የተያዘው፣ በእኔ ነው" ተባብለው ተኮራርፈው፣ ጋሽ ተክለሚካኤል ሽማግሌ ሆኖ ነው ያስታረቃቸው። ጋሽ ተክለሚካኤል ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በዊልቸር የሚያመላልስ፣ እሁድ ለእኛ ለልጆች መዝሙር የሚያስጠና ዝምተኛ ሰው ነው። የሚያጠምደውም ለወጉ ነው፤ አሳ ሲያዝለት የሚደነግጠው እሱ ራሱ ነው።

"ዛሬ ቼሪ ክሪክ የለም፣" አለ ጋሽ ይመር። "ሳውዝ ፕላት ነው የምንሄደው፣ ተራራው ውስጥ! ትራውት የሚባለውን አሳ ዛሬ ታየዋለህ፣ እንዳሻው!"

"ምነው እስከዚያ ድረስ?" አለ አባቴ።

"አትጨቅጭቀኝ፣ ግባ። ሔቨንም ትሂድ፤ ንጹሕ አየር ትሳብ። ፎንህን አምጣ ቻርጅ ላድርግልህ።"

"ሙሉ ነው እኮ።"

"ይጨመርበታላ!" ብሎ ነጠቀውና የሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ ወሸቀው። እኔ ኋላ ተቀምጬ ፍንድት ልል ነው። ፎኑን የወሰደበት፣ ሰው "ሃፒ በርዝደይ" ቴክስት እንዳያደርግለት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን!

ነዳጅ ማደያ ቆምን። ጉዱ እዚያ ነው። ውድነህ የሚባል ቶርንተን የሚኖር የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ከሱቁ ሲወጣ አባቴን አየውና እጁ ላይ ያለው ቡና ዘንበል አለ። ዝም ብሎ መጥቶ አቀፈው። አቀፈውና አለቀቀውም። "እንዳሻዬ... ወንድሜን..." እያለ ትከሻው ላይ ይንሰቀሰቅ ጀመር። ጋሽ ይመር የነዳጁን ቱቦ እንደያዘ ሊሮጥ ምንም አልቀረው! ነቀለውና በረረ፤ ውድነህን በክርኑ ይዞ ከቫኑ ኋላ ጎተተው። መስኮቴን ዝቅ አደረግኩ።

"አብደሃል እንዴ? ገና አልተነገረውም!"

ውድነህ ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ በንዴት ጨስኩ። እንዴት ያለ ሰው ነው? ፓርቲውን ሊያበላሽብን!

"ምን ሆኖ ነው?" አለ አባቴ፣ ሁሉም ተመልሰው ሲገቡ።

"ከሚስቱ ጋር ተጣልተው ነው፣" አለ ጋሽ ይመር፣ ላቡን እየጠረገ። "ልትፈታኝ ነው ይላል።"

"ከፀሐይ ጋር? እኛ ያጋባናቸው? ፎኔን ስጠኝ፣ አሁኑኑ ደውዬ ላነጋግራት!"

"አሁን? ተኝታ ይሆናል።"

"ቅዳሜ ሥራ ትገባለች።"

"እንግዲያው ሥራ ላይ ነቻ! ሥራ ላይ ያለ ሰው ይረበሻል?"

"ሰው ትዳሩ እየፈረሰ ይመር! ስጠኝ አልኩህ!"

ጋሽ ተክለሚካኤል ከአጠገቤ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንዳሻው፣ እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይሆንም። ሰው ሰብሰብ ብሎ፣ በአካል ሄዶ ነው።"

አባቴ ትንሽ አሰበና "እሱስ ልክ ነህ" አለ። መንገዱን ሁሉ ግን "ምስኪን ውድነህ፣ ምስኪን" እያለ ነው የሄደው። ፀሐይ ይህን ሁሉ የሰማችው ከዓመት በኋላ ነው፤ እስካሁን ጋሽ ይመርን ባየችው ቁጥር "ያፋታኸኝ ሰውዬ" ትለዋለች።

ሳውዝ ፕላትን ለማታውቁት፣ ከከተማው ወጥታችሁ ተራራው ውስጥ ስትገቡ መንገዱ ከወንዙ ጋር ይጠማዘዛል። ዳርና ዳሩ ጥድ ነው፤ አለቱ ቀይ ነው፤ ውሃው ከሥሩ ያለው ጠጠር እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ያለ ነው። እግሬን ስነክር ቅዝቃዜው እስከ ጥርሴ ወጣ። ጋሽ ይመር መጀመሪያ ያደረገው ነገር ዘንጉን ማውጣት አይደለም፤ የራሱን ፎን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አየ።

"ኖ ሰርቪስ! ተመስገን አምላኬ!" አለና ተነፈሰ።

ኔትወርክ ጠፋ ብሎ እግዚአብሔርን የሚያመሰግን ሐበሻ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው።

ደስታዬን መቻል አቃተኝ። አባቴ መንጠቆዋን ሲያስርልኝ ዝም ብዬ እስቃለሁ። ፊቱን አይና እስቃለሁ፣ ወደ ወንዙ እዞርና እስቃለሁ።

"ምንድን ነው ነገሩ ዛሬ?" አለኝ።

"አይ ካንት ቴል ዩ። ኢትስ አ ሲክሬት።"

"የምን ሲክሬት?"

"ስለ አንተ ነው!"

ጋሽ ተክለሚካኤል ከኋላችን ነበር። "ሔቨን፣ ነይ እስቲ፣ ድንጋይ ላሳይሽ" ብሎ እጄን ይዞ ከወንዙ ዳር ወደ ዛፎቹ ወሰደኝ። ምንም ድንጋይ አላሳየኝም። ቁጢጥ ብሎ ዓይኔን ያየኛል።

"ማነው የነገረሽ?"

"ማንም። ማሚ ከአዲስ አበባ ጋር ስታወራ ሰማኋት። ስለ አክስቴ ፈትለወርቅ።"

"ሰምተሽ ነው እንዲህ የምትስቂው? እሱ እንዳያውቅ ብለሽ?"

"የስ! አልናገርም፤ አይ ፕሮሚስ።"

ጋሽ ተክለሚካኤል እንባው ዱብ አለ። "አንቺ ልጅ! አዋቂው ያልቻለውን!" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እኔም ሰው ሁሉ በዚህ ልደት ምን ያህል እንደሚያለቅስ ገረመኝ። ግን አጋጣሚው ጥሩ ነበርና የምፈልገውን ጠየቅኩ።

"ስንገባ ግን እኔ ነኝ የምነግረው። ከሁሉም በፊት፣ ጮክ ብዬ።"

ደም ከፊቱ ሸሸ። "የለም፣ የለም የኔ ልጅ! እንዲህ ያለውን ልጅ አይናገርም። አጎትሽ አለምሰገድ ነው የሚነግረው። አባ አሉ፣ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አንቺ ማሚ ጋ ሄደሽ ትቀመጫለሽ። እሺ በይኝ።"

እሺ አልኩት። ከአንጀቴ ግን አልነበረም። አባቴ የእኔ አባት ነው፤ ሲያትል የሚኖር ሰው ለምን ይቀድመኛል? ያን ቀን በሕይወቴ ከዚህ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረም፤ አባቴ በሩን ሲከፍት ቀድሜ እኔ "ሰርፕራይዝ" ብዬ፣ ፊቱ በደስታ ሲበራ ማየት። ጋሽ ተክለሚካኤል ደግሞ ለዓመታት ያን ታሪክ ቤተ ክርስቲያን ሲያወራ ኖረ፤ "የሰባት ዓመት ልጅ ሐዘኗን ውጣ አባቷን ስታስቅ ዋለች" እያለ። አላረምኩትም። ደስ ይለዋላ!

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ የጋሽ ይመር ዘንግ ድንገት ጎበጠ። "ያዘ! ያዘ! እመብርሃን፣ ያዘ!" ክሩ ሲጠቀለል ይጮኻል፤ አሳው ከውሃው ዘሎ ይመለሳል። አባቴ መረቡን ይዞ እስከ ጉልበቱ ገባ፤ አንዴ ሳተው፣ ሁለተኛ ላይ ከሥሩ አፈሰው። ትልቅ ትራውት ነው፤ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር አለው፤ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንዲህ ያለ አሳ ይዘን አናውቅም።

አባቴ አሳውን አየ። ከዚያ ጋሽ ይመርን አየው።

"አየኸው የያዝኩትን?" አለው። "እኔ ነኝ ያጠመድኩት።"

ዘንጉ ጋሽ ይመር እጅ ላይ ነው። ክሩ ከዘንጉ ጋር ነው። መንጠቆው ከክሩ ጋር ነው። "ዳዲ፣ ኖ፣ የጋሽ ይ..." ስል ጋሽ ተክለሚካኤል ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። አሁን ጦርነት ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ።

ጋሽ ይመር አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

"አዎ፣" አለ ቀስ ብሎ። "ያንተ ነው። ትልቅ ነው። ጎበዝ።"

አባቴ ውሃው ውስጥ ቆሞ ቀረ። መረቡን እንደያዘ ብዙ ቆየ። ከዚያ መንጠቆዋን ከአሳው አፍ ቀስ አድርጎ አወጣና መረቡን ወደ ወንዙ ዝቅ አደረገው። አሳው አንዴ ተገላብጦ ሄደ። እኔ ገብቶኛል፤ ልደቱ ስለሆነ ነው ጋሽ ይመር የተወለት። በልደትህ ቀን ሁሉ ነገር ያንተ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ እኔም ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ከአባቴ ጋር ኦሮራ ሪዘርቮር ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ሳለ ይህን አነሳሁበት።

"ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፣" አለኝ። "ውድነህ ሲያለቅስ ሆዴ ጠርጥሯል። አንዳንዴ ሰው ሚስቱም ያስለቅሰዋል ብዬ ተውኩት። ግን ይመር! አሳውን ወስጄበት ይመር ዝም ካለ፣ ሰው ሞቷል። ልፈትነው ብዬ ነው ያልኩት።"

"ታዲያ ለምን እዚያው አልጠየቅካቸውም?"

ክሩን ሰብስቦ፣ ደግሞ ወርውሮ፣ ከዚያ ነው የተናገረው።

"ብጠይቅ የሟቹን ስም ይነግሩኛል። ካልጠየቅኩ ሁሉም አሉ። ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ እስክነሳ ድረስ እትዬ አለች። አንቺም አጠገቤ ትስቂያለሽ። ለምን ብዬ ልነሳ?"

እውነቱን ነው፣ አልነሳም። ከአሳው በኋላ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠኝና ከኋላዬ ሆኖ፣ እጄን በእጁ ይዞ ክር መወርወር አስተማረኝ። ስወረውር ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ እየሄደ ያወርደዋል፤ ተመልሶ "ደግሞ ሞክሪ" ይለኛል። ብዙ ጊዜ ትዕግሥቱ አጭር ነው አባቴ። ያን ቀን ግን ክሩ ስንት ጊዜ ሲተበተብብኝ አንዴም አልተቆጣኝም። ጋሽ ተክለሚካኤል ሰዓቱን እያየ "እንሂድ ይሆን?" ሲለው "አንዴ ትወርውርና" ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "እንዳሻው፣ እንሂድ" ሲለው "አንዴ፣ አንዴ ብቻ" ይላል። የሚለምን ይመስል ነበር። እኔ ጨዋታው ጥሞት ነው ብዬ ነበር፤ እንዲያውም አኮረፍኩ፣ ፓርቲው እየረፈደብን ስለሆነ።

በመጨረሻ "ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ቤት እንሂድ" ያልኩት እኔ ነኝ።

አባቴ አየኝ። "ቤት ልሂድ?" አለኝ።

"የስ!"

"እሺ፣" አለና ተነሳ።

ስንመለስ ጋሽ ይመር አንድ ቀልድ አልተነፈሰም። ከተራራው ስንወርድ በሩ ኪስ ውስጥ ያለው ፎን ይንጫጫ ጀመር፤ ኔትወርክ ተመልሷል። ትር፣ ትር፣ ትር ይላል። አባቴ ፎኔን ስጠኝ አላለም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነው የሄደው።

ፓርኪንጉ ሞልቷል። መኪኖቹን አውቃቸዋለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁሉ መጥተዋል። ሁለት ወጣቶች ታጣፊ ወንበር ተሸክመው ደረጃውን ይወጣሉ፤ ሌላው የታሸገ ውሃ በካርቶን ይዟል፤ አንዷ ሴት የወረቀት ሳህን ይዛለች። ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ቫኑ በወጉ ሳይቆም ቤልቴን ፈትቼ በሩን ከፍቼ ሮጥኩ።

"ሔቨን! ቆይ! ሔቨን!" ይላል ጋሽ ተክለሚካኤል ከኋላዬ። የት አባቱ ሊደርስብኝ!

ቤቱ ጥቅጥቅ ብሏል። ሳሎኑ በወንበር ተሞልቷል፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መብራቱ በርቷል። ማንም አልተደበቀም። ሐበሻ ሰርፕራይዝ አይችልም ብዬ ተናደድኩ። ማሚ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአባ አጠገብ ተቀምጣለች። አጎቴ አለምሰገድ መሀል ቤት ቆሟል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"መጣ! መጣ!" አልኳቸው በሹክሹክታ። "ላይቱን አጥፉት! ተደበቁ!"

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ያዩኛል። አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የአባቴ እግር ደረጃው ላይ ይሰማኛል፤ ቀስ፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ማንም የሚጮኽ አልመሰለኝም። እንግዲያው ልጁ እኔ ነኝ ብዬ፣ በሩ ሲከፈት ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ባለ በሌለ ድምፄ፣

"ሰርፕራይዝ!"

"ወይኔ ልጄን" የሚል የማሚ ድምፅ ከኋላዬ መጣ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰዉን አላየም። አባንም፣ ወንድሙንም አላየም። እኔን ብቻ ነው ያየው። መጣና ጎንበስ ብሎ አነሳኝ። ከባድ ነኝ ብሎ ማንሳት ከተወ ቆይቶ ነበር።

"አስደነገጥሽኝ፣" አለኝ በጆሮዬ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ እምላለሁ ፈገግ ብሎ ነበር። "አስደነገጥሽኝ የኔ ቆንጆ።"

"አላወቅክም ነበር?"

"ምንም።"

ከዚያ እኔን እንዳቀፈ ቀና ብሎ ወንድሙን አየው።

"እትዬ ናት?" አለው።

አጎቴ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

የአባቴ ድምፅ ከአፉ ሳይወጣ በፊት ደረቱ ውስጥ ሰማሁት፤ ደረቴ ከደረቱ ጋር ነበራ። ከዚያ ወጣ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ጮኸ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ወንዶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ፣ አጎቴ መጥቶ ሁለታችንንም አቀፈን። ያን ጊዜ ፈራሁ። እንዲህ ያለ ልደት የለም። አንድ ሰው ከኋላ ብብቴን ይዞ ሊያወርደኝ ሞከረ፤ አባቴ "ተዋት" አለ፤ አጥብቆ ያዘኝ። ጉንጩ እርጥብ ነው። በመዳፌ ጠረግኩት፤ ተመልሶ ረጠበ፤ ደግሞ ጠረግኩት።

"ዳዲ፣ አታልቅስ፣" አልኩት። "ሰርፕራይዝ እኮ ነው።"

"እሺ፣" አለኝ እያለቀሰ። "እሺ፣ የኔ እናት።"